ድንጋይን ሰሌዳ ስለ ማድረግ፤ ከኢሉባቦር ወፍጮ እስከ ደላንታ ኦፓል

በኢሉባቦር፣ በመቱም ሆነ በጎሬ፣ በቡሬም ሆነ በያዮ፣ የአገሩ ሰው ቤቱን ሲሠራ የኖረው በእንጨትና በጭቃ ነው። ደኑ ሰፊ፣ አፈሩም ቀይና ጥልቅ ስለ ሆነ ድንጋይ ለመጥረብ መድከም እምብዛም አላስፈለገም። ይህ ማለት ግን በአገሩ ድንጋይ የለም ማለት አይደለም፤ ከመቱ ብዙ ሳይርቅ የሶር ወንዝ የሚወረወርበት ገደል እሳተ ገሞራ የወለደው ጥቁር ድንጋይ ነው። ወደ ቤት የሚገባው ድንጋይ ግን ከሁለት ዓይነት ብዙ አያልፍም ነበር። አንዱ ጉልቻ ነው፤ ሁለተኛው ወፍጮ ነው። ጉልቻው እንደ ተገኘ ይቀመጣል። ወፍጮው ግን ሰሌዳ መሆን አለበት፤ ሰሌዳ የሚያደርገውም ሰው ያስፈልገዋል።

የእጅ ወፍጮ በኢትዮጵያ ከዳር እስከ ዳር የታወቀ ዕቃ በመሆኑ አሠራሩን የሚመረምር ሰው ጥቂት ነው፤ በየቤቱ ያለ ነገር ጥበብ አይመስልምና። ይሁን እንጂ ድንጋይን ወደ ሰሌዳ የመለወጥ ዕውቀት በብዙ ሰው እጅ የኖረው በዚህ ዕቃ ነው። ለወፍጮ የሚመረጠው ድንጋይ አሸዋ የማይተፋ፣ እህሉን የሚነክስ ሻካራነት ያለው፣ ሲመታም ያለ ስንጥቅ ጠፍጥፎ የሚወጣ መሆን አለበት። ሠራተኛው በሌላ ጠንካራ ድንጋይ ወይም በብረት እየመታ ፊቱን ያስተካክላል፤ መጁንም ለእጅ እንዲመች አድርጎ ያለዝበዋል። ወፍጮው ከብዙ ፍጭት በኋላ ሲለሰልስ እንደ ገና ይወቀራል። መውቀር ማለት በትንንሽ ምት ፊቱን መልሶ ማሻከር ነው፤ ይህንም ብዙ ጊዜ የምትሠራው ፈጪዋ ራሷ ነበረች። እንግዲህ የድንጋይን ጠባይ በእጇ የምታውቀው እርሷ ነበረች ማለት ማጋነን አይሆንም። የሞተር ወፍጮ በየከተማው ከገባ ወዲህ ግን ብዙው የድንጋይ ወፍጮ ከአጥር ጥግ ወድቆ ወይም የደጃፍ መቀመጫ ሆኖ ቀርቷል።

በምት የሚሠራ ሰው ድንጋዩን የሚከፍለው ድንጋዩ ራሱ ሊከፈል በሚወድበት በኩል ነው። ይህ ደንብ ለወፍጮ ብቻ ሳይሆን ለነገሥታት ሥራም ያገለገለ ነው። ከአክሱም በስተምዕራብ ባለው በጎበድራ ኮረብታ በአለቱ ላይ በረድፍ የተፈለፈሉ አራት ማዕዘን ቀዳዳዎች እስከ ዛሬ ይታያሉ። የጥንቱ ሠራተኛ ቀዳዳዎቹን በአንድ መስመር አስተካክሎ ይፈለፍልና ሽብልቅ ይከትባቸዋል፤ ሽብልቁ ሲጠብቅ አለቱ በመስመሩ ይሰነጠቃል። አንዳንዱ ረድፍ ተጀምሮ የተተወ ስለ ሆነ አሠራሩን እንደ ተከፈተ መጽሐፍ ያሳያል። ርዝመቱ 33 ሜትር፣ ክብደቱ 520 ቶን ያህል የሆነው፣ ዛሬ ወድቆና ተሰባብሮ የሚታየው ታላቁ ሐውልት ከአለቱ የተለየው እንዲህ ባለ ሥራ ነው። ጣልያኖች በ1929 ዓ.ም. ወደ ሮማ የወሰዱትና በ1997 ዓ.ም. ተመልሶ በ2000 ዓ.ም. በስፍራው የቆመው የ24 ሜትር ሐውልትም እንደዚሁ ነው። መሮ፣ መዶሻ፣ ሽብልቅና ትዕግሥት ይህን ሁሉ አደረጉ።

መጋዝ የመጣው በሌላ መንገድ ነው። የዕንቍ ድንጋይ ሠራተኞች የሚይዙት መጋዝ እንደ እንጨት መጋዝ ጥርስ የለውም። ስስ የብረት ክብ ነው፤ በጠርዙ ላይ የአልማዝ ብናኝ ተጣብቆበታል። ሲሽከረከር ድንጋዩን አይነክስም፤ ይፍቀዋል፣ ይፈጨዋል። ስለዚህ በእውነቱ ከመጋዝ ይልቅ የወፍጮ ዘመድ ነው። ድንጋዩ በሞርሳ ተይዞ ቀስ እያለ ወደ ስለቱ ይገፋል፤ ሙቀቱን የሚያበርድና ብናኙን የሚያጥብ ፈሳሽ ሳያቋርጥ ይፈስሳል። ቀድሞ በሌላው አገር ይህ ሥራ ጠንካራ ብናኝ ከውኃ ጋር ተለውሶ በሚፈስስበት ስለት ይካሄድ ነበር፤ በ1883 ዓ.ም. ገደማ በአሜሪካ ካርቦራንደም የሚባለው ሰው ሠራሽ ብናኝ ከተገኘ በኋላ ሥራው ፈጠነ። በ1947 ዓ.ም. ደግሞ ጄኔራል ኤሌክትሪክ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ አልማዝን በፋብሪካ ለመሥራት መቻሉን አስታወቀ። ከዚያ ወዲህ የአልማዝ ስለት ከትልልቅ ፋብሪካዎች አልፎ በአንድ ጠረጴዛ ላይ በሚቀመጥ መሣሪያ ሊሠራበት ቻለ። የመጋዙ ኃይል ያለው የድንጋዩን ስንጥቅና ጠባይ ሳይጠይቅ ሰው በፈለገው መስመር ለመቁረጥ በመቻሉ ነው። ድክመቱም ከዚሁ ይመነጫል።

ይህ መጋዝ በኢትዮጵያ ከባድ ፈተና ያገኘው በወሎ በደላንታ ነው። ኦፓል የሚባለው የዕንቍ ድንጋይ አስቀድሞ በ1986 ዓ.ም. ገደማ በሰሜን ሸዋ በመንዝ ታውቆ ነበር፤ ነገር ግን የዚያ አገሩ ድንጋይ ብዙው ቡናማና የሚሰነጠቅ በመሆኑ ዝናው ሳይገፋ ቀረ። በ2000 ዓ.ም. ገደማ በወገል ጤና አጠገብ የተገኘው ግን ነጭና ብሩህ፣ ቀለሙም እንደ ቀስተ ደመና የሚጫወት ነበር። ድንጋዩ ያለው በገደል ወገብ ላይ ባለ አንድ ቀጭን ንብርብር ውስጥ ነው፤ ውፍረቱ አንድ ሜትር አይሞላም። ከላይና ከታች ግን የእሳተ ገሞራ ድንጋይ በብዙ መቶ ሜትር ተቆልሎ ይታያል። እሳተ ገሞራ ባለበት ሁሉ ኦፓል አይገኝም፤ የሶር ገደል ጥቁር ድንጋይ ብቻውን ለዚህ አይበቃም። ከአመድ የሚሟሟ ሲሊካ፣ ውኃና ረጅም ዘመን መገጣጠም አለባቸው። የደላንታ ገበሬዎች ከ3000 ሜትር በላይ በሆነ ደጋ ላይ ገደሉን በዶማና በመዶሻ እየፈለፈሉ ዋሻ ገብተው ይቆፍራሉ። ሥራው ሕይወት የሚያስከፍል ነው፤ በ2016 ዓ.ም. ዋሻ ተንዶ ቆፋሪዎች ከውስጥ የቀሩበት አደጋ በአገሩ ሁሉ ተሰምቷል።

የዚህ ድንጋይ ልዩ ጠባይ ውኃ መጠጣቱ ነው። በውስጡ በዓይን የማይታዩ ቀዳዳዎች ስላሉት ከውኃ ሲገባ ይመጥጣል፤ ክብደቱ ይጨምራል፤ ነጩ እንደ መስታወት ይጠራል፤ የቀለሙም ጨዋታ ብዙ ጊዜ ይደበዝዛል ወይም ይጠፋል። ሲደርቅ ቀለሙ ይመለሳል። ስለዚህ መጋዙ ያለ ውኃ አይሠራም፤ ውኃው ደግሞ ሠራተኛው ሊያየው የሚገባውን ነገር ይሰውርበታል። ድንጋዩን ከመቁረጡ በፊት በደረቁ መርምሮ መስመሩን ካላሰመረ፣ ከጀመረ በኋላ በዕውር ድንብር ይሄዳል። ለማድረቅ የቸኰለና በእሳት ያሞቀው ሰው ደግሞ ተሰንጥቆ ያገኘዋል፤ በጥላ ለቀናት መጠበቅ ግድ ነው። ከዚህ የከፋው ዘይት ነው። በሌላ አገር ትልልቆቹ የሰሌዳ መጋዞች በዘይት ስለሚቀዘቅዙ፣ በአጌትና በኢያስጲድ የለመደ ሠራተኛ የደላንታን ኦፓል በዚያው መጋዝ ቢቆርጥ ድንጋዩ ዘይቱን ይጠጣል። ውኃ ይወጣል፤ ዘይት ግን አብሮ ይቀራል፤ ድንጋዩም ይበላሻል። መሣሪያው አዲስ መሆኑ ብቻ እንደማይበቃ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል።

ሌላም ነገር አለ። በአንዳንዱ የወገል ጤና ድንጋይ ቀለሙ የቆመው እንደ ጣት ጎን ለጎን በተሰለፉ ዓምዶች ነው። ሰሌዳው ዓምዶቹን አግድም አቋርጦ ከተቆረጠ ፊቱ የንብ ማር እንጀራ ይመስላል፤ በቁመታቸው ከተቆረጠ ግን የሚታየው የተደረደረ ጣት ነው። ዋጋው በዚህ ምርጫ ይለያያል። የተቆረጠውን መልሶ መቀጠል ደግሞ አይቻልም፤ ስለቱ የሚያልፍበትም ስፋት ሁሉ ጭቃ ሆኖ ከውኃው ጋር ይፈስሳል። ስለዚህ ስስ ስለት መምረጥ፣ በዝግታ መግፋት፣ ከመቁረጥ በፊት ድንጋዩን በብርሃን ማገላበጥ የሙያው ዋና ነገር ነው። ወፍጮ የምትወቅረው ሴት ድንጋዩን በምት ድምፅ ትጠይቀው እንደ ነበር፣ የመጋዙ ሠራተኛም አስቀድሞ በዓይኑ ሊጠይቀው ይገባል። ከሰሌዳው በኋላ ያለው ሥራ፣ ማለት ጠርዙን መፍጨት፣ ፊቱን እንደ ጉልላት ማክበብና በብርጭቆ ወረቀት አለስልሶ ማብራት፣ እጅ የሚፈልግ ቢሆንም በመጀመሪያው ቁርጥ የሚገዛ ነው።

ጥያቄው ይህ ቁርጥ በማን እጅ ይፈጸማል የሚለው ነው። ከደላንታ የወጣው ድንጋይ ብዙው ጥሬውን ባሕር ተሻግሮ፣ በተለይም በህንድ በጃይፑር ከተማ ተቆርጧል። ጥሬው በኪሎና በግራም ይሸጣል፤ የተቆረጠው ግን በካራት ይመዘናል፤ አንድ ካራት የአንድ ግራም አንድ አምስተኛ ነው። በሁለቱ ሚዛኖች መካከል ያለው ትርፍ መጋዙን ለያዘው ይቀራል። መንግሥት ጥሬው እንዳይወጣ ለመገደብ ሞክሯል፤ በአዲስ አበባና በአማራ ክልልም ወጣቶች ቁረጣ ተምረዋል። ክልከላ ብቻውን ግን ቆራጭ አያፈራም፤ ኮንትሮባንድን ሊያፈራ ይችላል።

የኢሉባቦር ሰው ይህን ነገር በቡናው ያውቀዋል። ዳግማዊ ምኒልክ በግንቦት 1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋር በተዋዋሉት መሠረት በባሮ ወንዝ ዳር የንግድ ጣቢያ ተፈቅዶ ጋምቤላ ተከፈተ። የጎሬና የአካባቢው ቡና በበቅሎና በሰው ሸክም ደጋውን ወርዶ፣ ወንዙ በክረምት ሲሞላ በእንፋሎት መርከብ ወደ ሱዳን ይሄድ ነበር። በዚያ ንግድ ጎሬ ከበረች፤ ነጋዴም ከየአገሩ መጣ። ቡናው ግን የሚቆላው በሌላ አገር ነበር። በእርግጥ ቡናና ዕንቍ አንድ አይደሉም፤ ቡና በየዓመቱ ያፈራል፤ የደላንታው ንብርብር ግን አንዴ ከተነሣ አይተካም። ስለዚህ በክፉ ቁርጥ የባከነ ሰሌዳ ለገበሬው ካመለጠ መከር ይብሳል።

በወገል ጤና ድንጋይ የሚሸጥ ሰው መጋዝ ባይኖረውም የድንጋዩን አንድ ጥግ በብርጭቆ ወረቀት አሽቶ መስኮት ይከፍታል። ገዢው በዚያች መስኮት አጮልቆ ቀለሙን ያያል፤ ሻጩም ያያል። ክርክሩ ሁሉ ከመስኮቱ በታች ስላለው፣ ሁለቱም ገና ስላላዩት ነገር ነው።