የሸሸ ድድ፣ ቀዶ ሕክምናውና እብጠቱ

ድድን በመርፌና በጥላሸት መነቀስ በአገራችን ሴቶች ዘንድ የቆየ ልማድ ነው። ከውቅራቱ በኋላ ድዱ ቢያብጥ የሚደነግጥ አልነበረም። የሸሸ ድድን በቀዶ ሕክምና መመለስ ግን የቅርብ ጊዜ ታሪክ ነው። በ1956 እ.ኤ.አ. ግሩፕና ዋረን የጎረቤቱን ድድ በተራቆተው የጥርስ ሥር ላይ አንሸራትቶ መስፋትን ገለጹ። በ1963 ስዊድናዊው ቢዮርን የድድ ሥጋን ቆርጦ መትከልን አስተዋወቀ። ሥጋው አብዛኛውን ጊዜ የሚወሰደው ከላንቃ ስለሆነ ታካሚው ሁለት ቁስል ይዞ ይወጣል፤ ብዙውን ጊዜ የሚደማውም የላንቃው ነው። በ1985 ላንገርና ላንገር ከላንቃው የላይኛውን ገጽ ትተው የውስጡን ብቻ የሚወስዱበትን ዘዴ ስላሳዩ ይህ ሥቃይ ቀለል አለ።

እብጠቱ ግን አልቀረም፤ የሚበረታውም በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ነው። ይህ ለሞያሌና ለኦቦ ሰው ቀላል ነገር አይደለም። ናይሮቢም ሆነ አዲስ አበባ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃሉና፣ በማግሥቱ አውቶቡስ የተሳፈረ ሰው ጉንጩ የሚያብጠው መንገድ ላይ ነው። እኛ መምህራን እንኳ ቀጠሮውን በክረምት ዕረፍት ብናደርገው ሳምንት ያህል ሐኪሙ አጠገብ መሰንበት አያቅተንም። ከአራተኛው ቀን በኋላ እየጨመረ የሚሄድ፣ ትኩሳት ወይም መግል ያለበት እብጠት የቁስል ማመርቀዝ ምልክት ነውና ወዲያው መታየት አለበት። በየሰዓቱ ከንፈርን ገልጦ በመስተዋት ማየትም (ማን ያስችለዋል!) ገና ደም ሥር ያላበጀውን ተከላ ያናጋዋል።