ዲናሞ በጎንደርና በደጋው፤ ስለ አነሣሡ ታሪክ አጭር ጥናት

የጎንደርን ታሪክ የሚያጠና ሰው ዐይኑ ከፋሲል ግንብ ላይ ቢቀር አያስወቅሰውም። እኛ ግን በዚህ ጽሑፍ ወደ ወፍጮ ቤቱ ወርደን፣ የኤሌክትሪክ ሞተር፣ በሕዝቡ አጠራር ዲናሞ፣ በምን ዘዴ እንደሚነሣ እንመረምራለን።

ባለ ሦስት መስመር ሞተር ቆሞ ሳለ በቀጥታ ከመስመሩ ጋራ ቢገናኝ፣ በሥራ ላይ ከሚወስደው ኤሌክትሪክ ከ5 እስከ 7 እጥፍ ይስባል። ሞተሩን በ1881 ዓ.ም. በጀርመን አገር የሠራው የሩስያ ተወላጅ መሐንዲስ ዶሊቮ ዶብሮቮልስኪ ይህን አውቆ፣ በሚሽከረከረው ክፍል ላይ ሽቦ ጠምጥሞ ከውጭ ማገጃ ጨመረበት። ዘዴው መልካም ነው፤ ዋጋው ግን ውድ ነው። ወፍጮ ቤት የለመደው ስታር ዴልታን ነው። ጥምጥሙ መጀመሪያ በኮከብ ቅርጽ ተያይዞ ይነሣል፤ ሲፈጥን ወደ ሦስት ማዕዘን ይዛወራል። የሚስበው ኤሌክትሪክ ወደ ሲሶ ይወርዳል፤ ጉልበቱም እንዲሁ ወደ ሲሶ።

ነገሩ ሁሉ ያለው በዚህ በጉልበቱ ሲሶ መሆን ላይ ነው። እህሉ አስቀድሞ ከፈሰሰ ድንጋዩ እንቢ ይላል፤ ሽቦውም ግሎ ይቃጠላል። ስለዚህ ባለወፍጮው ዲናሞውን ባዶውን ያስነሣል፤ ድምፁ ሲቀጥን ሰምቶ እጀታውን ያዞራል፤ ጤፉን የሚለቀው ከዚያ ወዲያ ነው። ይህን ብዙው ሰው የተማረው በጆሮው ነው። ዲናሞው የተቃጠለ ዕለት እህል በጀርባዋ አዝላ ከገጠር የመጣች እናት ዱቄት ሳትይዝ ትመለሳለች።

የዘዴው ምርጫ የምንጩን ድካም ይከተላል። በናፍጣ ጄኔሬተር በሚኖር ከተማ አንድ ትልቅ ዲናሞ ሲነሣ የጎረቤቱ አምፖል ይደበዝዛል። በ1956 ዓ.ም. የተመረቀው የጢስ ዓባይ ማመንጫ 12 ሜጋ ዋት እንኳ የማይሞላ ነበር፤ ሲሠራም በተለይ የታሰበው ለባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ነው። መስመሩ ወደ ጎንደር የተዘረጋው ቆይቶ ነው። በ2002 ዓ.ም. ጣና በለስ በ460 ሜጋ ዋት ሲጨመር ምንጩ በረታ፤ የመስመሩ ርዝመት ግን አላጠረም።

የውጭ አገር መጻሕፍት ባንድ መስመር ጠቅሰው የሚያልፉት አንድ ጉዳይ አለ፤ ለእኛ ግን ዋናው እርሱ ነው። የሞተር ዐቅም እንደ ደንቡ የሚለካው እስከ 1,000 ሜትር ከፍታ ነው። ጎንደር ከ2,000 ሜትር በላይ ናት፤ ደባርቅ ከ2,700 ያልፋል። ስስ አየር ሙቀትን ቶሎ አይወስድም፤ የናፍጣ ሞተርም በዚያው አየር ይደክማል። እንግዲህ በደጋው ምንጩም ዲናሞውም ባንድ ጊዜ ይጎድላሉ።

ዛሬ የመጣው ሶፍት ስታርተር ጉልበቱንም አብሮ ስለሚቀንስ በባዶ ማስነሣቱን አያስቀርም። የሚያስቀረው ፍጥነቱን ከዜሮ ጀምሮ የሚያሳድገው መቆጣጠሪያ ነው። ይህን ለመግዛት ዐቅም የሌለው የደባርቅ ባለወፍጮ አንድ ደረጃ ከፍ ያለ ዲናሞ ቢገዛ ከመቃጠል ይድን ይሆናል፤ ነገር ግን ትልቁ ዲናሞ ሲነሣ ከመስመሩ የሚስበው ደግሞ የበለጠ ነው።