ምርኩዝ ዝላይ

ምርኩዝ ዝላይ አትሌቱ የመንደርደሪያ ፍጥነቱን በተጣጣፊ ዘንግ ወደ ከፍታ ለውጦ አግዳሚውን የሚሻገርበት የሜዳ ተግባር ውድድር ነው። በኦሊምፒክ ለወንዶች ከ1896፣ ለሴቶች ከ2000 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይካሄዳል። ወሳኙ የክንድ ጉልበት ነው ቢባልም ስሌቱ ወደ እግር ያደላል፤ በሰከንድ 9 ሜትር የሚሮጥ ዘላይ በፍጥነቱ ብቻ፣ ብክነት ባይኖር፣ የሰውነቱን ማዕከል 4 ሜትር ያህል ከፍ ያደርጋል። ስለዚህ አሠልጣኝ አስቀድሞ የሚያርመው የእርምጃ ልክንና የዘንግ አተካከልን ነው። ዘንግና ፍራሽ ውድ መሆናቸው እውነት ነው፤ ሆኖም እየተራመዱ ዘንግ መትከልም ሆነ በአጭር መንደርደሪያ የርዝመት ዝላይ አሸዋ ላይ ማረፍ ፍራሽ አይጠይቅም፣ ለዚህም ቀጥ ያለ ተራ ዘንግ ይበቃል። ፍራሽ የግድ የሚሆነው ተገልብጦ መሻገር ሲጀመር ነው።