ሰይድ ሙሽታቅ አሊ ዋንጫ

ሰይድ ሙሽታቅ አሊ ዋንጫ የሕንድ ግዛቶች ቡድኖች የሚፋለሙበት አጭር የክሪኬት ውድድር ነው። እያንዳንዱ ቡድን የሚመታው ቢበዛ 20 ኦቨር፣ ማለትም 120 ኳስ ብቻ ስለሆነ፣ በሌላ መልኩ ቀናት የሚፈጀው ጨዋታ እዚህ በጥቂት ሰዓታት ይጠናቀቃል። አዘጋጁ የአገሪቱ ክሪኬት ቦርድ ሲሆን፣ ከግዛቶቹ ሌላ ሙምባይና ባሮዳ፣ እንዲሁም የባቡር መሥሪያ ቤቱና የጦር ኃይሉ ቡድኖች ይሳተፋሉ።

የመጀመሪያውን ውድድር እ.ኤ.አ. በ2006/07 ያሸነፈው ታሚል ናዱ ነው። ዋንጫው የተሰየመለት የኢንዶር ተወላጁ ሙሽታቅ አሊ በ1936 ማንችስተር ላይ እንግሊዝን ገጥሞ 112 ነጥብ አስቆጥሯል፤ በውጭ አገር፣ ቀናት በሚፈጀው የቴስት ግጥሚያ መቶ ነጥብ የሞላ የመጀመሪያው ሕንዳዊም ሆኗል።

ልብ ሰቃዩ ፍጻሜ የ2021ዱ ነው። ታሚል ናዱ ካርናታካን ለመርታት አንድ ኳስ ቀርቶት 5 ነጥብ ያስፈልገው ነበር። ከዝነኛው የፊልም ተዋናይ ጋር ስም የሚጋራው ሻሩክ ካን ኳሷን ከወሰኑ ውጭ አሳረፋት። ስድስት!

ውድድሩ የአገሪቱ ታላቅ የክሪኬት ሊግ የሆነው የኢንዲያን ፕሪሚየር ሊግ መልማዮች ዓይን የማይለየው መድረክ ነው፤ ትልቁ ጥቅሙም ይኸው ነው።

በታኅሣሥ 2024 ባሮዳ በዚያው በኢንዶር ሲኪም ላይ 349 ነጥብ ቆለለ፤ ዚምባብዌ ናይሮቢ ላይ ያስመዘገበችው የ344 ነጥብ የ20 ኦቨር የዓለም ክብረ ወሰንም ተሰበረ። ባኑ ፓኒያ ብቻውን በ51 ኳስ 134 ነጥብ አስቆጥሮ ሳይወጣ ጨርሷል።