አካፋው በማን እጅ ነው?

ከሎስ አንጀለስ ወደ ምሥራቅ ሁለት ሰዓት ያህል ነድታችሁ ፓልም ስፕሪንግስ ብትደርሱ፣ ከሆቴልና ከጎልፍ ሜዳ በቀር ታሪክ የምታዩ አይመስላችሁም። እኔም ለብዙ ጊዜ አልመሰለኝም ነበር። ታክሲ ነጂ ነኝና መንገደኛ አድርሼ፣ ቡናዬን ጠጥቼ እመለሳለሁ። አንድ ቀን ግን የመልስ ተሳፋሪዬን ስጠብቅ በከተማው መካከል ካለ ሙዚየም ገባሁ። አገር ቤት የታሪክ መምህር ነበርኩና ያየሁት ነገር እስካሁን ያብሰለስለኛል።

ቦታው ፍል ውሃ የሚፈልቅበት ነው። ባለቤቶቹ በተለምዶ «ቀይ ሕንዶች» ከምንላቸው የአሜሪካ ነባር ሕዝቦች መካከል ካዊያ የሚባሉት ሲሆኑ፣ ምንጩን ሴክሄ ይሉታል። ስፔኖች አጓ ካሊየንቴ፣ ማለትም «ሙቅ ውሃ» አሉት፤ ጎሣውም ዛሬ የሚጠራው በዚሁ ስም ነው። ለእነርሱ ውሃው መታጠቢያ ብቻ አይደለም፤ እኛ ጠበል እንደምንለው መፈወሻና የተቀደሰ ስፍራ ነው።

መሬቱ እንዴት እንደተሸነሸነ ልንገራችሁ (ዓመቶቹ እ.ኤ.አ. ናቸው)። መንግሥት ባቡር እንዲያልፍ ብሎ በረሃውን አንድ ማይል በአንድ ማይል ቆራርጦ፣ ጎዶሎ ቁጥር ያላቸውን ክፍሎች ለባቡር ኩባንያ ሰጠ። ከ1876 ጀምሮ ደግሞ ከሙሉ ቁጥሮቹ ለጎሣው ከለለ። ካርታው የዳማ ሰሌዳ ይመስላል። ምንጩ የሚገኘው በክፍል 14 ነው። በ1950ዎቹ የጎሣው ምክር ቤት አባላት ሁሉም ሴቶች ነበሩ፤ በቫዮላ ኦርትነር መሪነት ታግለው፣ መሬታቸውን እስከ 99 ዓመት ለማከራየት የሚያስችል ሕግ በ1959 ወጣ። ድሉ ግን ያለ እንባ አላለፈም። ቦታው ለትላልቅ ሕንፃዎች ሲፈለግ በዚያ ተከራይተው ይኖሩ የነበሩ ጥቁሮችና ላቲኖዎች ቤታቸው ፈረሰ፤ ተቃጠለም። ከተማው ይቅርታ የጠየቀው በ2021 ነው።

በ2018 ጎሣው ሙዚየምና አዲስ መታጠቢያ ለመሥራት መሬቱን ሲያስቆፍር የጥንት ሰዎች መገልገያዎች ወጡ። የአርኪዮሎጂ ባለሙያዎች ሲመረምሩ ሰው ከ8,000 ዓመት በፊት በዚያ እንደነበረ ታወቀ። ልብ በሉ፤ የጊዛ ታላቁ ፒራሚድ ሲሠራ፣ ሰው በዚህ ምንጭ ዳር መታየት ከጀመረ 3,000 ዓመት አልፎት ነበር!

የካዊያ ሽማግሌዎች ግን አካፋ አልጠበቁም። «የወፍ ዘፈን» በሚሉት ዜማ የሕዝባቸውን አመጣጥና ጉዞ ለልጅ ልጅ ሲያወርሱ ኖረዋል።

ታዲያ አዲሱ ነገር ምንድን ነው? በአሜሪካ ለብዙ ዘመን የነባሮቹን መቃብር የሚቆፍረው እንግዳ ነበር። አፅሙም ዕቃውም ተጭኖ ሙዚየም ሲገባ ባለቤቱን የጠየቀ አልነበረም። የፌዴራል ገንዘብ የሚያገኙ ሙዚየሞች አፅምና የተቀደሱ ዕቃዎችን ለየጎሣው እንዲመልሱ ሕግ የወጣው በ1990 ነው። በሴክሄ ደግሞ መሬቱም የጎሣው፣ አስቆፋሪውም ጎሣው፣ በ2023 የተከፈተው ሙዚየምም የጎሣው ነው። ምን ለእንግዳ ይታይ፣ ምን ይሰወር ብለው የሚወስኑት እነርሱው ናቸው።

አንባቢ ሆይ፣ እኔ ጠመኔ ይዤ «ታሪክ የሚጀምረው ከጽሕፈት ነው» ስል ኖሬአለሁ። ተማሪ ተነሥቶ «አያቴ የነገሩኝ» ሲል «ማስረጃህ የት አለ?» ብዬ አስቀምጠው ነበር። አዲስ አበባ በፍልውሃ አጠገብ እንደተቆረቆረች አስተምሬአለሁ፤ አገሩን ፊንፊኔ ይሉ ስለነበሩት፣ ቀድመው በዚያ ውሃ ዳር ስለኖሩት ኦሮሞዎች ግን አንድም የፈተና ጥያቄ አውጥቼ አላውቅም።

«ከባለቤቱ ያወቀ ቡዳ ነው» ይላል ያገሬ ሰው። እኛ መምህራን ስንት ጊዜ ከባለቤቱ በላይ አወቅን?