አጥቂው ተከላካይ፦ ይድነቃቸው ተሰማ ከአራዳ ገበያ እስከ ካፍ ወንበር

መርካቶ ሲነሳ ሰው ቶሎ የሚያስበው ንግዱን ነው። ምናለሽ ተራ ቆርቆሮ ሲቀጠቀጥ ይውላል፣ በርበሬ ተራ ገና ከሩቁ ያስነጥሳል፣ ሳልባጅ የሚሸጥበት ዘንድ ቦንዳው ሲፈታ ሻሚው ይሻማል። ገበያው ከየት ተነቅሎ እዚያ እንደ ደረሰ ግን እምብዛም አይወራም። የአዲስ አበባ ትልቁ ገበያ ድሮ አራዳ ነበር፣ ከቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ። ፋሺስት ጣልያን ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ከተማዋን ከያዘ በኋላ ጊዲና ቫሌ የተባሉ መሐንዲሶች አዲስ ፕላን አወጡ። ፕላኑ ነጩና ጥቁሩ አንድ መንደር እንዳይኖሩ፣ አንድ ገበያም እንዳይገበያዩ የሚለይ ነበር። አራዳ ለነጮች ተያዘ፤ አበሻው ገበያውን ይዞ ወደ ምዕራብ እንዲሄድ ተደረገ። ለአዲሱ ቦታ የወጣለት ስም «መርካቶ ኢንዲጄኖ»፣ ማለትም የአገሬው ሰው ገበያ፣ የሚል ነበር። ዛሬ አዲስ ከተማ የምንለው ሰፈር የተስፋፋው በዚህ መልክ ነው።

ያው የመለያየት ሕግ የእግር ኳስ ሜዳውንም ለሁለት ከፈለው። ጣልያኖች «የአገሬው ተወላጆች ስፖርት ጽሕፈት ቤት» አቋቁመው ኢትዮጵያውያን ከኢትዮጵያውያን ጋር ብቻ እንዲጫወቱ አደረጉ። ወረራው በተጀመረበት በ1928 ዓ.ም. አየለ አትናሽና ጆርጅ ዱካስ አራዳ ላይ የመሠረቱት የቅዱስ ጊዮርጊስ ቡድንም በስሙ መጠራት ቀረበትና «ሊቶሪዮ ውቤ ሰፈር» ተባለ። ገበያው ስፍራውን ሲያጣ፣ የገበያው ሰፈር ቡድን ስሙን አጣ። የኢትዮጵያን እግር ኳስ ታሪክ ከዋንጫ ቆጠራ ብቻ የሚጀምሩ ጽሑፎች ይህን ክፍል ዘለው ያልፉታል፤ እኔ ግን የታሪኩ ሥር እዚህ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ። በዚያ ቡድን ውስጥ የነበረ አንድ ልጅ ጎልምሶ የሠራውን ሥራ ሁሉ ለመረዳት ከዚህ መነሳት ያስፈልጋል።

ልጁ ይድነቃቸው ተሰማ ነው። የተወለዱት በእንቁጣጣሽ ቀን፣ መስከረም 1 ቀን 1914 ዓ.ም.፣ ጅማ ላይ ነው። አባታቸው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ናቸው። ነጋድራስ ማለት የነጋዴ አለቃ፣ የገበያና የቀረጥ ሹም ነው፤ እንግዲህ ቤቱ ራሱ የገበያ ቤት ነበር። ነጋድራስ ተሰማ ግን ከሹመታቸው ይልቅ በቅኔያዊ ግጥማቸውና በመሰንቋቸው ይታወቃሉ። በ1900 ዓ.ም. ገደማ መኪና መንዳት ሊማሩ ጀርመን አገር ተልከው ሳለ ድምፃቸውን በሸክላ አስቀርጸዋል፤ ከኢትዮጵያውያን ድምፃውያን መጀመሪያ የተቀረጹትም እሳቸው ናቸው። ልጃቸው የወረሱት መሰንቆውን አይደለም፤ አንደበቱን ይመስለኛል። ኋላ በየጉባኤው ቆመው ሲናገሩ ሰው የማይረሳቸው ለዚሁ ነው።

ይድነቃቸው ቅዱስ ጊዮርጊስን የተቀላቀሉት ክለቡ በተመሠረተበት ዘመን፣ ገና የ14 ዓመት ልጅ ሳሉ ነው። ያኔ የአዲስ አበባ ልጅ ኳስ የሚማረው በጨርቅ ኳስ ነበር፤ ከዚያ በኋላም ለብዙ ዘመን፣ መርካቶ ጓሮም ጭምር፣ እንዲሁ ነው የተማረው። የተቀደደ ካልሲ ይፈለጋል፤ ውስጡ ቡትቶ ይጠቀጠቃል፤ አፉ በመርፌ ይሰፋል፤ ከላይ በሲባጎ ይጠፈራል። ሲደርቅ አይነጥርም፣ ዝናብ ሲመታው ደግሞ እንደ ድንጋይ ይከብዳል። በዚህ ኳስ ያደገ ልጅ ኳሱን እግሩ ሥር ማቆየትን ይማራል፤ መሬት ለመሬት ማንከባለልን ይማራል፤ አርቆ መጠለዝ ከንቱ መሆኑንም ቶሎ ይረዳል። የኢትዮጵያ ኳስ ለአጭር ቅብብል ያለው ፍቅር ከዚህም የመጣ ይመስለኛል።

ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ነጻነት ሲመለስ ቡድኑም ስሙን መለሰ። ገበያው ግን ወደ አራዳ አልተመለሰም፤ መርካቶ በዚያው ጸና፣ ሰፋ፣ የአገሪቱ ነጋዴ ሁሉ መሰብሰቢያ ሆነ። በ1936 ዓ.ም. የመጀመሪያው ሻምፒዮና ሲካሄድ የተሰለፉት ቡድኖች ስማቸው ብቻ የዚያን ዘመን አዲስ አበባ ያሳያል፦ የእንግሊዞቹ ቢ.ኤም.ኤም.ኢ፣ የጣልያኖቹ ፎርቲቱዶ፣ የአርመኖቹ አራራት፣ የግሪኮቹ ኦሎምፒያኮስ፣ የአበሾቹም ቅዱስ ጊዮርጊስ። ያን ዓመት ዋንጫውን እንግሊዞች ወሰዱት። ዋንጫው ማንም ይውሰደው፣ ከጥቂት ዓመት በፊት ከነጭ ጋር እንዳይጫወት በሕግ የተከለከለ ልጅ በአንድ ሜዳ፣ በአንድ ዳኛ ፉጨት ሲፋለም ታየ። ቅዱስ ጊዮርጊስ የመጀመሪያ ሻምፒዮናነቱን ያገኘው በ1942 ዓ.ም. ነው።

ይድነቃቸው አጥቂ ነበሩ። ለ23 ዓመት፣ እስከ 1950 ዓ.ም.፣ ከአንዱ ክለብ ሳይወጡ ተጫወቱ፤ በሕይወት ታሪካቸው ላይ 365 ጨዋታና 318 ግብ ተመዝግቦላቸዋል። ይህ ቁጥር ብቻውን ታላቅ ያሰኛቸዋል። ስማቸው በአፍሪካ ሁሉ የታወቀው ግን ማልያ አውልቀው፣ ከረባት አስረው፣ በር ላይ ቆመው ባደረጉት መከላከል ነው።

በሩ የተከፈተው ካርቱም ላይ ነው። የካቲት 1949 ዓ.ም. ግብፅ፣ ሱዳን፣ ኢትዮጵያና ደቡብ አፍሪካ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን (ካፍን) ሊመሠርቱና የመጀመሪያውን የአፍሪካ ዋንጫ ሊያካሂዱ ቀጠሮ ያዙ። ኢትዮጵያ በግማሽ ፍጻሜ የደረሳት ደቡብ አፍሪካ ነበረች። ደቡብ አፍሪካ ግን ወይ ነጭ ብቻ ወይ ጥቁር ብቻ ቡድን ካልሆነ ቀላቅዬ አልልክም አለች። ይድነቃቸው ይህን ቋንቋ ያውቁታል፤ በጉርምስናቸው በገዛ ከተማቸው የተነገራቸው ቃል ነው። እሳቸውና የግብፅና የሱዳን ባልደረቦቻቸው አልተቀበሉትም፤ ደቡብ አፍሪካ ቀረች። ኢትዮጵያም ሳትጫወት ለፍጻሜ ደርሳ በግብፅ 4 ለ 0 ተሸነፈች፤ አራቱንም ያገባው አድ-ዲባ ነው። ሽንፈቱ መራር ነበር። ውሳኔው ግን ለአፍሪካ እግር ኳስ ከዚያ ዋንጫ በላይ ዋጋ ነበረው።

ከአምስት ዓመት በኋላ ይድነቃቸው ብሔራዊ ቡድኑን በአሠልጣኝነት ይዘው አዲስ አበባ ላይ ዳግም ከግብፅ ጋር ተገናኙ። ቀኑ ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. ነው፤ የጥምቀት ታቦታት ከገቡ፣ የቃና ዘገሊላ ሚካኤልም ካለፈ በማግስቱ። በዚያን ጊዜ የተባበረችው ዓረብ ሪፐብሊክ የምትባለው ግብፅ ያለፉትን ሁለት የአፍሪካ ዋንጫዎች የበላች ናት። ኢትዮጵያ በግማሽ ፍጻሜው ቱኒዚያን 4 ለ 2 አሰናብታ ነው የመጣችው። በረኛው ጊላሚካኤል ተክለማርያም ነበር፣ ከኋላ እነ አዋድ መሐመድ፣ ከፊት እነ መንግሥቱ ወርቁ። አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ ነው።

ስለ ሉቺያኖ ትንሽ ልቆይ። አስመራ የተወለደው በ1927 ዓ.ም. ነው፤ እናቱ ኤርትራዊት፣ አባቱ ጣልያናዊ ወታደር። ገና ሕፃን ሳለ የፋሺስቱ የዘር ሕግ ነጭ አባት ከጥቁር እናት የወለደውን ልጅ በስሙ እንዳይጠራ ከለከለ። እንዲህ ዓይነቱን ልጅ ያኔ ጣልያኑ እንደ ጥቁር፣ አበሻው እንደ ጣልያን ያየዋል። ሉቺያኖ በዚህ መሐል አድጎ ለድሬዳዋው ጥጥ ማኅበር ተጫወተ፣ የብሔራዊ ቡድኑም ዋና ሞተር ሆነ። የአምበልነቱን ክንድ ማሰሪያ እንዳያስር የፈለጉ እንደነበሩ ራሱ ከብዙ ዓመት በኋላ ተናግሯል። ይድነቃቸው ግን አምበላቸውን አልቀየሩም። ሰውን በደሙ የሚለይ አጥር ምን እንደሚያደርግ ገና በልጅነታቸው ያዩ ሰው ናቸውና፣ ያው አጥር ማልያችን ውስጥ እንዲተከል እሺ ቢሉ ነበር የሚገርመው።

ጨዋታው ሲጀመር ግብፅ ቀደመች፤ በ35ኛው ደቂቃ ባዳዊ አገባ። ኢትዮጵያ እስከ 74ኛው ደቂቃ ስትታገል ቆይታ ግርማ ተክሌ አቻ አደረጋት። የሕዝቡ ጩኸት ሳይበርድ በደቂቃ ልዩነት ባዳዊ እንደገና አገባ። ብዙ ቡድን እንዲህ ሲሆን ወገቡ ይቆረጣል። ስድስት ደቂቃ ሲቀር ሉቺያኖ ሁለት ለሁለት አደረገው። በጭማሪው ሰዓት ታናሽ ወንድሙ ኢታሎ ሦስተኛውን፣ መንግሥቱ ወርቁ ደግሞ በ117ኛው ደቂቃ አራተኛውን ጨመሩ። 4 ለ 2። ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ የተቀበለው ሉቺያኖ ቫሳሎ ነው። ያ የኢትዮጵያ ብቸኛ የአፍሪካ ዋንጫ ሆኖ ቀርቷል። ሉቺያኖ በደርግ ዘመን አገር ጥሎ ወጣ፤ መስከረም 2015 ዓ.ም. ጣልያን አገር አረፈ። የዚህን ሰው ስም የሚያውቅ የመርካቶ ወጣት ቁጥር የእንግሊዝ ክለቦችን ተከላካይ በሙሉ ከሚዘረዝረው ጋር ሲነጻጸር በጣም ያሳዝነኛል። ጥፋቱ የልጆቹ አይደለም፤ ያልነገርናቸው እኛ ነን።

የይድነቃቸው ትልቁ ፍልሚያ የቀጠለው በፊፋ አዳራሽ ነው። ለ1958 ዓ.ም. የእንግሊዝ ዓለም ዋንጫ ፊፋ ለአፍሪካ፣ ለእስያና ለኦሺንያ በድምሩ አንድ ቦታ ብቻ ሰጠ። አውሮፓ አስር ስትወስድ ሦስት አህጉር ለአንድ መቀመጫ እንዲሻሙ ማለት ነው። የጋናው ኦሄኔ ጃንና ይድነቃቸው ከፊት ቆሙ፤ የተመዘገቡት 15 የአፍሪካ አገሮች በሙሉ ከማጣሪያው ወጡ። ፊፋ በቅጣት መለሰ። አፍሪካ ግን አልተመለሰችም፤ ለ1962 ዓ.ም. የሜክሲኮ ዓለም ዋንጫ አንድ ሙሉ ቦታ ለብቻዋ ተሰጣት። ዛሬ የአፍሪካ ቡድኖች በብዛት በዓለም ዋንጫ ሲሰለፉ ስናይ የመጀመሪያዋ ቦታ የተገኘችው በእምቢታ መሆኑን ማስታወስ ይገባል።

የደቡብ አፍሪካም ጉዳይ ነበረ። ፊፋ በ1954 ዓ.ም. ካገዳት በኋላ ፕሬዚዳንቱ ሰር ስታንሊ ሩስ በ1955 ዓ.ም. አገሪቱን ጎብኝተው እገዳውን አስነሱላት። ሩስ ስፖርትና ፖለቲካ አይቀላቀሉ የሚሉ ሰው ነበሩ። አፓርታይድ ግን ከሜዳው ውጭ አልነበረም፤ ማን ከማን ጋር እንደሚጫወት የሚወስነው እሱ ነው። የአፍሪካ ተወካዮች በ1957 ዓ.ም. በቶኪዮ ጉባኤ ተባብረው እገዳውን አስመለሱ። ይድነቃቸው በ1964 ዓ.ም. የካፍ ፕሬዚዳንት ሆነው ተመረጡ። ሰኔ 1966 ዓ.ም. ፍራንክፈርት ላይ ሩስ በብራዚላዊው ጆአዎ ሃቬላንጅ ሲሸነፉ የአፍሪካ ድምፅ ሚዛኑን ደፋ። በ1968 ዓ.ም. ሞንትሪያል ላይ ደቡብ አፍሪካ ከፊፋ ጨርሳ ተባረረች።

አዲስ አበባ ላይም ዘመኑ ሲገለባበጥ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ወርደው ደርግ ሲተካ፣ የካፍ ወንበራቸው ጸንቶ ቆየ። ኢትዮጵያ የአፍሪካ ዋንጫን በ1960 እና በ1968 ዓ.ም. አስተናገደች። ይድነቃቸው ያረፉት በሥራ ላይ እንዳሉ፣ በቡሄ ዕለት፣ ነሐሴ 13 ቀን 1979 ዓ.ም. ነው። አፓርታይድ ገና አልወደቀም ነበር።

ሲወድቅ ደቡብ አፍሪካ በ1984 ዓ.ም. ወደ ፊፋ ተመለሰች፤ በ1988 ዓ.ም. ነጭና ጥቁር በአንድ ማልያ ሆነው የአፍሪካን ዋንጫ በአገራቸው አነሡ። ኢትዮጵያ ደግሞ በ1974 ዓ.ም. ከተሳተፈችበት ወዲህ ከመድረኩ ጠፍታ ከረመች። ከ31 ዓመት በኋላ በአሠልጣኝ ሰውነት ቢሻው መሪነት የተመለሰችው በ2005 ዓ.ም. ሲሆን፣ ውድድሩ የተካሄደው በዚያችው በደቡብ አፍሪካ ነው። የመጀመሪያ ጨዋታዋ በኔልስፕሩት ከዋንጫው ባለቤት ከዛምቢያ ጋር ነበር፤ ቀኑም ጥር 13። ሳላዲን ሰኢድ የመታው ፍጹም ቅጣት ምት ተመለሰ። በረኛው ጀማል ጣሰው ገና በመጀመሪያው አጋማሽ በቀይ ካርድ ወጣ፤ ከእረፍት በፊትም ዛምቢያ አገባች። በአምበሉ ደጉ ደበበ የሚመራው የኋላ መስመር አስር ሰው ሆኖ ሁለተኛውን አጋማሽ ተከላከለ፤ አንድም ግብ አልገባበትም። በ65ኛው ደቂቃ አዳነ ግርማ አገባና ጨዋታው 1 ለ 1 አለቀ።