የማስነሻ ምናሌ፦ ሁለት ስርዓት በአንድ ኮምፒውተር

የማስነሻ ምናሌ ማለት ከአንድ በላይ ስርዓተ ክወና የተጫነበት ኮምፒውተር ሲበራ «የትኛው ይነሳ?» ብሎ የሚያስመርጥ አጭር ዝርዝር ነው። ኮምፒውተር ጠጋኞች «ቡት ሜኑ» ይሉታል፤ ሁለት ስርዓት አንድ ማሽን ላይ መጫኑን ደግሞ «ዱዋል ቡት»።

ስያሜው ከአፋችን የራቀ አይደለም። ሸዋ ሮቢት ላይ ሽንኩርት በመስኖ የሚያለማ ገበሬ የውሃ ሞተሩን «አስነሳው» ይላል፤ ሾፌርም መኪናውን እንዲሁ። ኮምፒውተር ሲያስቸግርም «አልነሳ አለ» እንላለን። «ምናሌ» ደግሞ ከምግብ ቤት ወጥቶ የስልክና የኮምፒውተር አማርኛ ውስጥ ከገባ ቆይቷል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ማብሪያው ሲጫን ቀድሞ የሚነቃው ማዘርቦርዱ ላይ ያለ ትንሽ ፕሮግራም ነው፤ በቆዩ ማሽኖች ባዮስ፣ በአዳዲሶቹ ዩኢኤፍአይ ይባላል። ራሙን፣ ኪቦርዱንና ዲስኩን ይፈትሽና አስነሺ ፕሮግራም ይፈልጋል። በባዮስ ጊዜ አስነሺው የሚጀምረው ከዲስኩ የመጀመሪያ 512 ባይት ነበር፤ በዩኢኤፍአይ ግን ለዚሁ ሥራ የተለየ ትንሽ የዲስክ ክፋይ አለ። ሊኑክስ የተባለው ስርዓተ ክወና ሲጫን እዚያ የሚቀመጠው አስነሺ ብዙውን ጊዜ ግራብ ነው፤ ኤሪክ ቦሊን የተባለ ባለሙያ በ1995 እ.ኤ.አ. የጀመረው ፕሮግራም። ምናሌውን የሚያሳየንም እሱ ነው። በጠቆረ ስክሪን ላይ ከላይ «ኡቡንቱ» የሚባለው የሊኑክስ ዓይነት፣ ዝቅ ብሎ ተጨማሪ አማራጮች፣ ከዚያም «ዊንዶውስ ቡት ማኔጀር» ተደርድረው ይታያሉ። በቀስት ቁልፍ ወርዶ ኢንተር መጫን ነው። ምንም ካልተነካ ከታች ያለው ሰከንድ እየቀነሰ ይሄድና የመጀመሪያው መስመር በራሱ ይነሳል።

ይህ ለሸዋ ሮቢት፣ ለአጣዬ ወይም ለካራቆሬ ሰው ምን ይፈይዳል? ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ ላይ ባሉ በእነዚህ የይፋት ከተሞች፣ አንድ ኮምፒውተር ለጽሕፈትም፣ ለሂሳብም፣ ለልጆች ትምህርትም ሊውል ይችላል። የማሾ ነጋዴውን ሂሳብ የምትይዝ ባለሙያ ፒችትሪ የተባለው የሂሳብ ፕሮግራም ያስፈልጋታል፤ ፒችትሪ ደግሞ ለዊንዶውስ የተሠራ ነው። በጽሕፈት ሥራም ከዩኒኮድ በፊት፣ ፓወር ግዕዝ በተባለው የዊንዶውስ መጻፊያ የተተየቡ የቆዩ ሰነዶች አሉ። ስለዚህ ዊንዶውስን መጣል አይቻልም። በሌላ በኩል ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ የደኅንነት ማሻሻያ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል፤ ብዙ የቆዩ ላፕቶፖች ደግሞ የዊንዶውስ 11ን መስፈርት አያሟሉም። እንደ ኡቡንቱ ወይም ሊኑክስ ሚንት ያለ ስርዓት ግን ያለ ክፍያ ይገኛል፣ በየጊዜው ይታደሳል፣ አማርኛም ይጻፍበታል። ኢንተርኔቱን በሊኑክስ፣ ፒችትሪን በዊንዶውስ መጠቀም ያስቻለው ይህ ምናሌ ነው። አዲስ ማሽን መግዣ ለሌለው ሰው ትልቅ ነገር ነው።

አጫጫኑ ቅደም ተከተል ይፈልጋል። ከሁሉ በፊት ሰነዶቹ በሙሉ ወደ ሌላ ዲስክ ወይም ፍላሽ ይገልበጡ። ዊንዶውስ ቀድሞ ይጫን፣ ሊኑክስ ይከተል፤ ዊንዶውስ ኋላ ከተጫነ የራሱን አስነሺ ከፊት ስለሚያስቀምጥ ምናሌው ይሰወራል። ዲስኩ በቢትሎከር የተቆለፈ ከሆነ የመክፈቻ ቁጥሩን ወረቀት ላይ መጻፍ ግድ ነው፤ አለዚያ የገዛ ሰነድዎ ሊቆለፍብዎ ይችላል። «ፋስት ስታርታፕ» የሚባለውም ይጥፋ፤ ዊንዶውስን ሙሉ በሙሉ ሳይዘጋ ስለሚያስተኛው ሊኑክስ የዊንዶውስን ክፋይ በሚገባ መክፈት ይቸገራል። ቀጥሎ በዊንዶውሱ የዲስክ ማስተዳደሪያ ከዋናው ክፋይ ቦታ ይቀነስ። ለኡቡንቱ 25 ጊጋባይት ይበቃል፤ ሰፋ ቢል ይመረጣል። በመጨረሻም የሊኑክሱ መጫኛ ከተዘጋጀበት ሌላ ፍላሽ ኮምፒውተሩን አስነስቶ ባዶው ቦታ ላይ መጫን ነው። «ዲስኩን አጥፍተህ ጫን» የሚለውን አማራጭ ግን በፍጹም እንዳይነኩት፤ ዊንዶውሱን ከነሰነዱ ጠርጎ ይወስደዋል።

እንደ ሸዋ ሮቢት ባለ ቆላ አንድ ተጨማሪ ጥንቃቄ አለ። ክፋይ እየተቀነሰ ወይም እየተጫነ ሳለ መብራት ቢጠፋ ሰነድ ሊበላሽ ይችላል። የጋለ ላፕቶፕ ራሱን ሲያጠፋም ጉዳቱ ያው ነው። ስለዚህ ባትሪው ሙሉ ይሁን፣ ዴስክቶፕ ከሆነ ዩፒኤስ ይኑረው፣ ሥራውም የቀኑ ሙቀት ሳይበረታ በጠዋት ይጀመር።

ከተጫነ በኋላ ዊንዶውስ ምናሌው ላይ ካልታየ ተስፋ አይቁረጡ። በ2021 እ.ኤ.አ. ከወጣው ግራብ 2.06 ወዲህ ሌሎች ስርዓቶችን የሚፈልገው «ኦኤስ ፕሮበር» በነባሪ ተዘግቶ ነው የሚመጣው። በግራብ የቅንብር ፋይል ውስጥ ፈቅደውለት «አፕዴት ግራብ» የሚለውን ትእዛዝ ሲሰጡ መስመሩ ይጨመራል። ሌላው ግራ የሚያጋባ ነገር ሰዓት ነው። ዊንዶውስ የማሽኑን ሰዓት እንደ አገር ሰዓት ያነበዋል፤ ሊኑክስ ግን እንደ ዓለም አቀፉ ሰዓት ይይዘዋል። ኢትዮጵያ ከዚያ በ3 ሰዓት ስለምትቀድም፣ ከኡቡንቱ ወጥተው ዊንዶውስ ሲገቡ ሰዓቱ 3 ሰዓት ወደኋላ ቀርቶ ሊያገኙት ይችላሉ። ለሂሳብ ሠራተኛ ይህ ቀላል አይደለም፤ ማምሻውን ኡቡንቱ ላይ የነበረ ማሽን እኩለ ሌሊት አልፎ ዊንዶውስ ቢነሳ የደረሰኙ ቀን የትናንቱ ሊሆን ይችላል። ሊኑክሱ የአገር ሰዓት እንዲከተል አንድ ጊዜ ማዘዝ ይበቃል።

የመጨረሻው ውሳኔ የመጀመሪያው መስመር ማን ይሁን የሚለው ነው። ማሽኑን የሚከፍቱት ብዙ ሰዎች ከሆኑ፣ ሁሉም የሚያውቁት ስርዓት ከላይ ይቀመጥ፤ የመምረጫው ጊዜም አንድ ሰው ስክሪኑን አንብቦ እንዲወስን ከ10 ሰከንድ አይነስ። ሁለት ስርዓት መጫን የቻለ ሰው፣ ስለ ምናሌው ምንም የማያውቀው ባልደረባው ጠዋት መጥቶ ሥራውን ያለ ጭንቀት መጀመር ከቻለ ነው በሚገባ የጫነው።